የአባይን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው

ልጄ፣ ያቺን አሮጌ ሃይሉክስ ከገዛህ ወዲህ ወሬህ ሁሉ ትልቅ ፖምፓ፣ አዲስ ኢንጄክተር፣ ተጨማሪ ጉልበት ሆኗል። መኪናህን መውደድህ ደስ ይለኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህማ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ በእጅ ያለውን መንከባከብ የሁሉም ሰው ጉዳይ ሆኗል። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንዳትሆን፣ ጉልበቱን ተወውና መጀመሪያ መስመሩን ያዝ። ከሰርባቶዮ (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) እስከ ፖምፓ ያለው የናፍጣ ጎማ፣ ፋሸታ (የጎማ ማሰሪያ) እና መጋጠሚያ ካልተስተካከለ ከፊት የምትደረድረው ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ናፍጣው እንዴት እንደሚጓዝ ልንገርህ። ያንተ ሞተር፣ ባለ 2.8 ሊትሩ 3ኤል፣ ሰርባቶዮ ውስጥ ሆኖ የሚገፋለት ፓምፕ የለውም። ከኋላ ጀምሮ የሚስበው ፖምፓው ራሱ ነው። መሳብ ስንል ደግሞ ፖምፓው ከፊት ክፍተት ይፈጥራል፤ ናፍጣውን ከኋላ የሚገፋው ሰርባቶዮው ላይ የሚጫነው አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ ያልተሰማህ የቱቦ ጥበት ደጋ ላይ ይሰማሃል።

አሁን ዋናውን ስማ። በዚህ የመሳቢያ መስመር ላይ ስንጥቅ ሲኖር ናፍጣ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ‘መሬቱ ደረቅ ነው’ ብለህ አትዘናጋ። ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ሰርባቶዮ ተመልሶ ስለሚያድር ጠዋት ብዙ ካላዞርከው አይነሣም። ጭነት ይዘህ ዳገት ስትጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል። ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግመህ ስትጫነው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ሰርባቶዮው ሙሉ፣ ሞተሩ ግን የተጠማ፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ነገ ዛሬ አትበል።

ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ግን መርምር፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሞተሩ ሲዳከም የሰርባቶዮውን ክዳን ክፈት። ‘ፍስስ’ ብሎ አየር ከሳበ መተንፈሻው ተደፍኗል፤ መጥረግ ብቻ ይበቃሃል። ካልሆነ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ውስጡን የሚያሳይ አጭር ላስቲክ ቱቦ አስገባና ሞተሩን አስነሣ። አረፋ ተከታትሎ ሲያልፍ ካየህ አየር እየገባ ነው። ያን ቱቦ ግን ለመመርመሪያ እንጂ ለመንገድ አትተወው፤ ሙቀትና ናፍጣ ያደርቁትና ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጥና በአዲስ ጎማ ከዚያ አጠጣው፤ የመመለሻውንም ጎማ ወደዚያው ጀሪካን አዙረው። ሞተሩ ተስተካክሎ ከሠራ ጥፋቱ ከኋላ ነው። ካልተስተካከለ ወደ ፊት ፈልግ።

ጎማ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትወርድ ‘ያው ጎማ ነው’ የሚልህን አትስማ። የውሃ ጎማ ናፍጣ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲስቡትም ሆዱና ጀርባው ይጣበቃል። የነዳጅ ጎማ ላዩ ላይ ጽሕፈት አለው፤ አንብበው። ውስጡ ናይትራይል የሆነው ለተራው መስመር ይበቃል። ሞተሩ አጠገብ፣ ሙቀት በሚበረታበት ቦታ፣ ውስጡ ቫይተን የሆነውን ብትመርጥ ዋጋው ቢወደድም ዕድሜው ይክስሃል። ውስጠ ስፋቱን በካሊፐር ለካ። በግድ የገባ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ሰፍቶ በፋሸታ ብዛት የታነቀም አየር ያስገባል። ከቀጫጭኖቹ የመመለሻ ጎማዎችም አንዱን ቀይረህ ሌላውን አትተው፤ እኩል አርጅተዋል።

የመዳብ ቧንቧ ልግጠምልህ የሚል ይመጣል። መዳብ ለማጠፍ ቀላል ነው፤ መኪና ሲንቀጠቀጥ ግን እየደረቀ ሄዶ ይሰበራል፤ ናፍጣንም ቶሎ ያበላሻል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧም ከናፍጣ ጋር አይስማማም። ብረት ወይም አይዝጌ ብረት ይሁንልህ፤ ከሻንሲው ጋር በደንብ ይታሰር፤ ከጭስ መውጫና ከሚሽከረከር ነገር ይራቅ። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም፤ በጋለ ብረት ላይ ከተረጨ ግን እሳት ነው።

አገጣጠሙ ላይ አትቸኩል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጎማውን በስለት ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ በመጋዝ ከቆረጥከው ፍርፋሪው ውስጥ ይቀራል። በአየር ንፋው፣ ጫፉን በንጹሕ ናፍጣ አርጥበው፣ የቧንቧውን አንገት እብጠት እስኪያልፍ ግፋው። ፋሸታው በእብጠቱና በጎማው ጫፍ መካከል ይረፍ እንጂ እብጠቱ ላይ አይቀመጥ። ጥርሱ ጎማውን የሚበላውን ትተህ ውስጡ ልሙጥ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ፋሸታ ፈልግ።

ተጨማሪ ፊልትሮ ወይም ውሃ መለያ ከጨመርክ የመጋጠሚያውን አፍ ተመልከት። በ37 ዲግሪ የሰፋው ከ45 ዲግሪው ጋር ጥርሱ ቢገጥም እንኳ አፉ አይገጥምም፤ ባጠበቅከው ቁጥር ይሰነጠቃል። ነጩን የቧንቧ ቴፍሎን አትጠቅልል፤ ቁራጩ ተልጦ የኢንጄክተር አፍ ይደፍናል። ጠፍጣፋ የመዳብ ሮንዴላ ያለበትን ቦታ በፈታህ ቁጥር ሮንዴላውን በአዲስ ቀይር።

ከፖምፓ እስከ ኢንጄክተር ያለውን የብረት መስመር ግን እንዳለ ተወው። ባንተው ሞተር ግፊቱ ከ100 ባር ይበልጣል፤ በአዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ደግሞ ከ1,000 ባር ያልፋል። ‘የት ነው የሚረጨው?’ ብለህ እጅህን አትስደድ። ለዓይን የሚያስቸግር ጭስ መሰል ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ላዩ የመርፌ ነጥብ መስሎ ውስጡ ሥጋ ይገድላል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። መፈለጊያህ ካርቶን ይሁን።

መካኒክህን አክብረው፤ ግን አጠገቡ ቁም። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንዲሉ፣ የማያውቅ ባለ መኪና ሲገኝ አሮጌው ጎማ ተጠርጎ ‘አዲስ ነው’ ይባላል። የተፈታውን ዕቃ በእጅህ ተቀበል። ጎማውን እጠፈውና ስንጥቁን ራስህ እየው።

ሥራው ሲያልቅ ጭነት ጫንና ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር ውጣ። ስትመለስ ፋሸታዎቹን ሁሉ ዳስሰህ የላላውን አጥብቅ፤ አሳድረህም ጠዋት በአንድ ዙር መነሣቱን እይ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነውና፣ ይህን ሳታደርግ ትልቅ ፖምፓ ገዝተህ ብትመጣ መጀመሪያ የምጠይቅህ ስለ ጎማው ነው። አድርገኸው ከመጣህ ግን ስለ ፖምፓው ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ምናልባት ያን ጊዜ ፖምፓ መግዛት እንደማያስፈልግህ ራስህ ትነግረኝ ይሆናል።