የዋጋ መርጋት ለአደራ ገንዘብ ዋስትና ይሆናልን?



ዱባይ ሲሠራ ወደ አኺራ የሄደው ወንድሜ ለሦስት ልጆቹ የተወው ገንዘብ በእኔ ኃላፊነት ሥር ይገኛል። የየቲም ገንዘብ መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ የያዘው ያውቀዋል። ቢነግዱበት ኪሳራ ያሰጋል፤ ቢያስቀምጡት የኑሮ ውድነት ይበላዋል። በቅርቡ እዚያው ዱባይ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ በልጆቹ ገንዘብ ቢትኮይን ብንገዛስ?» አለኝ። «ቁማር ነው» ብዬ ልዘጋው ስል፣ «ያ ድሮ ነበር። አሁን ታላላቆቹ ተቋማት ገብተውበታል፤ ዋጋው እየረጋ ነው» አለ። ይህ አባባሉ ብዙ አሳሰበኝ።

እውነት ለመናገር ልጁ ያለ ምክንያት አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቢትኮይን ገዝተው የሚይዙ ፈንዶች በአክሲዮን ገበያ እንዲሸጡ ፈቅዷል። ብላክሮክን የመሳሰሉ ግዙፍ ድርጅቶችም ገብተዋል። ገዢና ሻጭ በበዛበት ገበያ አንድ ባለ ገንዘብ ብቻውን ዋጋውን ሽቅብ ሊያስወነጭፈው ወይም ሊጥለው አይችልም። ለረጅም ዓመታት አስቦ የሚገዛ ተቋምም ወሬ በሰማ ቁጥር አይሸጥም። ስለሆነም የዕለት ተዕለቱ መዋዠቅ ከቀድሞው ረገብ ማለቱ አይካድም።

ይሁን እንጂ ታላላቆቹ በአንድ በር እንደገቡ በአንድ በር ሊወጡም ይችላሉ። ብዙዎቹ የሚመሩት በተመሳሳይ ሥሌት ነው። የአሜሪካ ወለድ ሲጨምር ወይም የአክሲዮን ገበያ ሲደነግጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ይሯሯጣሉ፤ የአንዱ ገበያ በሽታ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 መጀመሪያ ከ126,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ከ90,000 ዶላር በታች ወረደ። ይህ የሆነው ታላላቆቹ ከገቡ በኋላ ነው።

ለመሆኑ የታላላቆቹ መግባት ለእኛ ለትንንሾቹ ምስክር ሊሆን ይችላልን? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት ሲከስር፣ የካናዳዋ የኦንታርዮ ግዛት መምህራን የጡረታ ፈንድ በድርጅቱ ላይ ያዋለው 95 ሚሊዮን ዶላር ቀልጦ ቀርቷል። የሲንጋፖሩ ቴማሴክም 275 ሚሊዮን ዶላር አጥቷል። እነዚህ አዋቂ ቀጥረው፣ መርምረው የገቡ ናቸው። የመምህራኑ ፈንድ ግን የጠፋው ከጠቅላላ ሀብቱ 0.05 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። ከ2,000 ብር አንድ ብር እንደ ማለት ነው!

ወገኖቼ፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትልቁ ተቋም ከ2,000 አንዷን ወርውሮ ቢያጣት እራቱን በልቶ ያድራል። የእህቴ ልጅ ግን የሚለኝ የየቲሞቹን ገንዘብ በሙሉ አምጣ ነው። ገበያው አንድ ቢሆንም የሁለታችን አደጋ አንድ አይደለም። የዋጋው መርጋት አደጋውን አላጠፋውም፤ እኛን ግን ድፍረት ሰጥቶናል።

ደግሞስ መርጋት የሐላልነት ሚዛን የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የቁማር ቤት ባለቤት ገቢው እጅግ የተረጋጋ ነው፤ ቁማርነቱ ግን አልቀረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምንነቱ ያልታወቀና መድረሻው የተሰወረ ሽያጭን ከልክለዋል። ዑለማዎቻችን ለዚህ ምሳሌ የሚያቀርቡት ገና ያልተጠመደ፣ በውኃ ውስጥ ያለ ዓሣን መሸጥ ነው። ውኃው ጸጥ ስላለ ዓሣው ተይዟል አይባልም። በቢትኮይን ጉዳይ ዑለማዎች እንደሚለያዩ አውቃለሁ። የግብፁ ሙፍቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከልክለዋል፤ እንደ ንብረት ቆጥረው የፈቀዱም አሉ። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። የእኔ ጥያቄ የአደራ ጥያቄ ነው።

ዑመር (ረ.ዐ.) የየቲም ገንዘብ ዘካ እንዳይጨርሰው ይነገድበት ማለታቸው ተዘግቧል። ስለዚህ ገንዘቡን ቀብሮ መቀመጥም ጥበቃ አይደለም። ለእህቴ ልጅ እንዲህ አልሁት፦ «በራስህ ገንዘብ ዑለማ ጠይቀህ የመሰለህን አድርግ። የልጆቹን ግን ሸቀጡን በዓይኔ በማየው፣ ሒሳቡን በምከታተለው ንግድ ላይ አውለዋለሁ።»

«ዋጋው ነገ እጥፍ ቢሆን ልጆቹ አይወቅሱህም?» ብሎ ጠየቀኝ። ሊወቅሱኝ ይችላሉ። ያ ወቀሳ ግን ይቻላል። ገንዘቡ ጠፍቶ፣ «ታላላቆቹ ስለገቡ እኔም ገባሁ» የሚል መልስ ይዤ በልጆቹ ፊትም ሆነ በአላህ ፊት መቆም ግን አልችልም።

ወላሁ አዕለም።