በሽተኛዋ ሳትሰማ

በ2019 መጋቢት ላይ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የሜሪላንድ ሴኔት አንድ ከባድ ረቂቅ ሕግ ለድምፅ አቀረበ። ረቂቁ፣ ሐኪሞች ስድስት ወር እንደማይቆይ ያረጋገጡለት በሽተኛ ራሱ የሚወስደው ገዳይ መድኃኒት እንዲታዘዝለት የሚፈቅድ ነበር። ውጤቱ 23 ለ 23 ሆነ። እኩል ድምፅ አያሳልፍምና ረቂቁ ወደቀ። እኔ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሆስፒስ፣ ማለትም ሊሞቱ የተቃረቡ በሽተኞችን የማስታመም ነርስ ነኝ። ከሰፈራችን ጎዳና ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ግን ተመሳሳይ ሕግ ካወጣች ቆይታለች፤ በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። ሁለት ጎረቤታሞች ጎዳናው ስለለያቸው ብቻ አሟሟታቸው በተለያየ ሕግ ይገዛል ማለት ነው።

ይህን ሕግ በየግዛቱ ከሚገፉት ማኅበራት ስሙ የገነነው ኮምፓሽን ኤንድ ቾይስስ ነው። የዘር ሐረጉ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዴሪክ ሃምፍሪ በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካቋቋመው ሄምሎክ ሶሳይቲ ይመዘዛል። ሃምፍሪ በ1975 ካንሰር ያሠቃያት የነበረች ሚስቱን ለመሞት የረዳ ሰው ነው። ሄምሎክ ሶቅራጥስ የጠጣው መርዝ ነው፤ በመርዝ ስም ተጠርቶ የሕግ አውጪ ደጅ መጥናት እንደማያዋጣ ገብቷቸው መሰለኝ፣ በኋላ ስሙን ለወጡት፤ በ2005 ደግሞ ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋሐዱ። የመጀመሪያው ትልቅ ድል የኦሪገን ነው። ሕዝቡ በ1994 በጠባብ ልዩነት አጽድቆት በ1997 ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ሐኪሞች ይመረምራሉ፣ በሽተኛው በቃልም በጽሑፍም ይጠይቃል፣ መድኃኒቱን የሚወስደውም በራሱ ነው፤ ሐኪም አይወጋውም።

ከኦሪገን ዓመታዊ ሪፖርቶች ሁለት ነገር ይገርመኛል። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ሳይወስዱት መሞታቸው ነው። በእጃቸው መኖሩ ብቻ ይበቃቸዋል። ሁለተኛው ምክንያታቸው ነው። ሰው ሁሉ ሕመም ይመስለዋል፤ እነሱ ግን በቀዳሚነት የሚጠቅሱት በራስ አለማዘዝን፣ ደስ የሚያሰኝን ነገር ማድረግ አለመቻልን፣ ክብር ማጣትን ነው። ለቤተሰብ ሸክም መሆንም ከሕመም ይቀድማል። ይህን በሥራዬ አየዋለሁ። በበሽተኞቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ የመድኃኒት ሣጥን አለች፤ ከምላስ ሥር የሚንጠባጠበው ሞርፊን በአብዛኛው ሥራውን ይሠራል። ለሸክምነት የሚንጠባጠብ መድኃኒት ግን የለንም።

እኛ ዘንድ ጧሪ ቀባሪ ማግኘት ምርቃት ነው፤ በልጅ እጅ መታጠብ አያሳፍርም። እዚህ አገር ግን ጧሪው ቀን ሆቴል፣ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። ስለዚህ «ምርጫ» ሲባል፣ ቀን ተሌት የሚያስታምመው ሰው ያለውና የሌለው እኩል ይመርጣሉ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። በ1996 የተመሠረተው ኖት ዴድ የት የተባለው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሕጉን የሚቃወመውም ለዚህ በሚቀርብ ምክንያት ነው፤ ክርክራቸው ሃይማኖታዊ አይደለም።

የእኔ ግን ሃይማኖታዊም ነው። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሕይወት አደራ ናት፣ አደራን ደግሞ ባለቤቱ ሲጠይቅ ነው የሚመልሱት ብዬ አምናለሁ። የማይፈይድ ማሽን ይቅርብኝ ማለት ሌላ፣ መርዝ መጠጣት ሌላ። ረቂቁ ቢቀርብና ድምፅ ስጪ ብባል አልደግፈውም። ይሁን እንጂ ሕጉን የሚገፉት ማኅበራት በሽተኛውን አስቀምጠው «አንተ ምን ትፈልጋለህ?» ሲሉት፣ እኛ ልንመልሰው ቀርቶ ያልጠየቅነውን ጥያቄ እየጠየቁ ነው።

ለምሳሌ፣ አንድ ቀን የአንዲት እናት ቤት ስሄድ ልጃቸው በር ላይ አስቆመኝ። «እህቴ፣ አደራሽን፣ ካንሰር የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ጨጓራ ነው የምንላት። ይችንም ባጅ አውልቂያት፤ እሷ ባታነብ የልጅ ልጇ ታነብላታለች።» ባጄ ላይ ሆስፒስ ይላል። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። እማማ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋው የሆስፒታል አልጋ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የጠበል ጠርሙሳቸውን ከትራስጌያቸው አድርገው ተኝተዋል። ልጅየው ሻይ ሊያፈላ ወጥ ቤት ሲገባ የደም ግፊት የምለካበትን እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዝም ያልኩት እነሱ እንዳይደነግጡብኝ ነው። የነፍስ አባቴን ጥሪልኝ» አሉኝ።

እናትም ልጅም አንዱን ምስጢር አንዱ ከሌላው ይደብቃሉ። ልጅየውን ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ ተቆጣኝም። በመጨረሻ ግን ቄሱን ያመጣቸው እሱ ራሱ ነው። እማማ ተናዘዙ፣ ቀንዲል ተቀቡ። ከዚያ በቤት ውርስ ተኳርፈዋቸው ወደቆዩት፣ ደሴ ወዳሉት እህታቸው በዋትስአፕ አስደወሉ። መጀመሪያ ተጨቃጨቁ፤ እርቁ የመጣው በሌላ ቀን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እማማ አረፉ።

ፈረንጆቹ በሽተኞቼ ብዙ ጊዜ የሚመኙት ተኝተው ሳያውቁት መሞትን ነው። የእኛ እናቶች ጸሎት ተቃራኒው ነው፦ «ከድንገተኛ ሞት ሰውረኝ፣ አሟሟቴን አሳምርልኝ።» ለንስሐ፣ ለኑዛዜና ለይቅርታ ጊዜ ይሰጠኝ ማለት ነው። ታዲያ ሐኪሙ ጊዜው እንደቀረበ ነግሮን ለእናታችን ስንደብቅ፣ የለመነችውን ጊዜ የቀማናት እኛ ነን። በፍቅር ነው ቢባልም መቀማት ነው። ገዳዩን መድኃኒት በሃይማኖት የሚቃወም ሰው ይህንንም በሃይማኖት መቃወም አለበት ባይ ነኝ፤ ካህናቶቻችንም ስለመጀመሪያው የሚያስተምሩትን ያህል ስለሁለተኛው ቢያስተምሩ ደስ ይለኛል።

ሜሪላንድ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልበል። አድቫንስ ዳይሬክቲቭ የሚባለው ቅጽ ለገዳይ መድኃኒት አይደለም። መናገር ቢያቅታችሁ ማን እንዲወስንላችሁ፣ የትኛውን ሕክምና እንደምትፈልጉ፣ የትኛውን እንደማትፈልጉ የምታሰፍሩበት ነው። ከግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በነጻ ይገኛል፤ ሁለት ምስክር ይበቃዋል፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። ወኪል ያደረጋችሁት ሰው ግን ምስክር መሆን አይችልም። የነፍስ አባታችሁ ይጠሩ እንደሆነ፣ በሽታችሁም እንዲነገራችሁ ትፈልጉ እንደሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ አያይዙበት፤ ደህና ሳላችሁም ለልጆቻችሁ በአፋችሁ ንገሯቸው።