እንግዳና ባለቤት በሰላም መንገድ

ንባብ፦ የሉቃስ ወንጌል 10፥1-9፤ መጽሐፈ መሳፍንት 19



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ በላካቸው ጊዜ ኮሮጆም ከረጢትም እንዳይዙ አዘዛቸው። ስለዚህ በደረሱበት ሁሉ የሰው እንግዶች መሆን ግድ ሆነባቸው፤ እንጀራቸውም መኝታቸውም በሌላ ሰው እጅ ነበረ። ይሁን እንጂ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ወደ ማንኛውም ቤት ሲገቡ ከሁሉ አስቀድመው የሚሰጡት ስጦታ ነበራቸው፤ እርሱም ሰላም ነው። የቤቱም ጌታ በበኩሉ የሚሰጠው ማዕድ ነበረው። እንግዳው ሰላምን፣ ባለቤቱ እንጀራን ይዘው በአንድ ደጃፍ ተገናኙ፤ የእግዚአብሔርም መንግሥት ወንጌል በዚያ ደጃፍ ገባ።

ብዙ ሰዎች ሰላምን ማውረድ የመሪዎች ሥራ ብቻ ይመስላቸዋል። መሪዎች ጦርን ማስቆም በእርግጥ ይገባቸዋል፤ እኛም ስለ እነርሱ እንጸልያለን። በሰሜን ኢትዮጵያ ሁለት ዓመት የቆየው ውጊያ እንዲቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ ከተማ ስምምነት ተፈርሟል። ነገር ግን በወረቀት ላይ የሰፈረ ሰላም በመንገድና በምድጃ ዳር ካልተኖረ ሥር አይሰድም።

ይህንን የመሳፍንት መጽሐፍ በሚያስጨንቅ ታሪክ ያስተምረናል። አንድ ሌዋዊ ከቤተ ልሔም ወደ ኤፍሬም አገር ሲመለስ በኢያቡስ አጠገብ መሸበት። አገልጋዩ በዚያ እንዲያድሩ ለመነው፤ እርሱ ግን ከተማይቱ የባዕዳን ናት ብሎ አልፎ፣ የወገኖቹ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጊብዓ ሄደ። በወገኖቹ አደባባይ ተቀመጠ፤ የሚያሳድረው ግን አጣ። በመጨረሻ ያስገባው አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ እርሱም ራሱ በዚያች ከተማ መጻተኛ ነበረ። በዚያች ሌሊት ክፉዎች ቤቱን ከበቡ፤ ሌዋዊውም ቁባቱን አውጥቶ ሰጣቸው፤ እርስዋም ተዋርዳ ሞተች። ከዚህም ኃጢአት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ፣ ከብንያም ሰልፈኞች ሸሽተው ያመለጡት 600 ሰዎች ብቻ እስኪሆኑ ድረስ ብዙ ሕዝብ ረገፈ። እንግዲህ አስተውሉ፤ አገሪቱን ያቃጠለው እሳት የተጫረው፣ መንገደኛ መሽቶበት ሳለ «ግባ» የሚል ባልተገኘበት አደባባይ ነው።

በአንጻሩ ደግሞ በ2ኛ ነገሥት 6 የሶርያ ጭፍሮች በሰማርያ መካከል በእስራኤል ንጉሥ እጅ ወደቁ። ንጉሡ ሊገድላቸው ፈቃድ ጠየቀ፤ ነቢዩ ኤልሳዕ ግን እንጀራና ውኃ እንዲቀርብላቸው አዘዘ። ብዙ ግብዣ ተደረገላቸው፤ በልተውና ጠጥተውም ወደ ጌታቸው ተሰናበቱ። ከዚያም በኋላ የሶርያ አደጋ ጣዮች ወደ አገሩ መምጣትን ተዉ። በዚያ ጊዜ ሰይፍ ያላደረገውን ማዕድ አደረገው።

ባለቤቶች ሆይ፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን የመሸበት መንገደኛ በደጃቸው ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲላቸው ውኃ አቅርበው እግሩን ያጥቡት ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ከውኃው ጥያቄ ይቀድማል፦ ከየት መጣህ? ወገንህ ማን ነው? ወዳጆቼ፣ ውኃው ይቅደም፤ ጥያቄው ይቆይ። በልቶና አርፎ የሚጠየቅ ሰው ታሪኩን ያወጋል፤ በደጅ ቆሞ የሚጠየቅ ግን እንደ ተከሳሽ ይመልሳል። ልጆቻችሁም በእንግዳው አነጋገር ቢስቁ ገሥጿቸው፤ በሰው ቋንቋ መሳለቅን የሚማሩት በቤት ነውና።

ሱቅ፣ ሻይ ቤት ወይም አልጋ ቤት ያላችሁ ደግሞ ለአገሬውና ለእንግዳው አንድ ዋጋ ይኑራችሁ። በኦሪት ዘሌዋውያን 19 መጻተኛውን እንደ ራስ መውደድ ከታዘዘ በኋላ ወዲያው የእውነተኛ ሚዛን ትእዛዝ ይከተላል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተታለለ መንገደኛ ቂሙን ተሸክሞ በመሄድ በአንዱ ነጋዴ ፈንታ የከተማውን ሕዝብ ሁሉ ይጠላልና።

ብቻዋን ያለች ሴት፣ ወይም በሌሊት የመጣውን ሰው የምትፈሩ ብትኖሩ፣ ጥንቃቄ ኃጢአት አይደለም። ጎረቤት ጥሩ፤ ወደ ማኅበሩ ሽማግሎች ላኩ፤ የሚያድርበትንም ስፍራ በመልካም ቃል አሳዩት። የሚያቆስለው በንቀት የተዘጋ ደጅ ነው።

መንገደኞች ሆይ፤ ለእናንተም ሥራ አላችሁ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወሩ፣ የቀረበላቸውንም እንዲበሉ አዘዘ። የተሻለ ማዕድ ፈልጎ የድኻውን ቤት የሚተው እንግዳ አስተናጋጁን በጎረቤቶቹ ፊት ያዋርዳል። ደግሞ ወሬ አትጫኑ። በአንድ አገር የሰማችሁትን ስድብ በሌላው አገር ማዕድ ላይ አታራግፉ፤ ያያችሁትን መልካም ነገር ግን ሳትቆጥቡ አውሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ በመላጥያ ደሴት ሲጠጋ፣ የደሴቲቱ ሰዎች ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ እሳት አነደዱ። እርሱም ቁጭ ብሎ አልሞቀም፤ ጭራሮ ሰበሰበ፤ በኋላም የፑፕልዮስን አባት በጸሎት ፈወሰ። መልካም እንግዳ እንዲህ ለቤቱ በረከት ይሆናል።

ደጅ ቢዘጋባችሁስ? የእስራኤል ሕዝብ በኤዶም አገር ለማለፍ በለመኑ ጊዜ፣ በእርሻና በወይን ቦታ እንዳይገቡ፣ ከጉድጓድም ውኃ እንዳይጠጡ ቃል ገብተው ነበር። ኤዶም ግን ከለከላቸው፤ እነርሱም ሳይዋጉ ዘወር ብለው ሄዱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በዘዳግም 23 ኤዶማዊውን እንዳይጸየፉ ታዘዙ፤ ወንድማቸው ነውና። ጌታም ለደቀ መዛሙርቱ፣ ሰላማቸውን የሚቀበል ባይገኝ ሰላሙ ወደ እነርሱ እንደሚመለስ ነገራቸው። እንግዲህ የተከለከለ መንገደኛ ሰላሙን ይዞ ይሂድ፤ በእርሱ ፈንታ እርግማን ትቶ አይለፍ።

ወገኖቼ ሆይ፤ ይህንን ሁሉ የምናደርገው ጽድቅን ለመግዛት አይደለም። አስቀድሞ የተቀበለን አለ። የሰማይና የምድር ጌታ እንግዳ ሆኖ ወደ እኛ መጣ፤ በተወለደ ጊዜ በማደሪያው ስፍራ አልተገኘለትም፤ ከከተማም ውጭ ተሰቀለ። በትንሣኤው ቀን ግን በኤማሁስ መንገድ ሁለት ኀዘንተኞች ማንነቱን ሳያውቁ ከእነርሱ ጋር እንዲያድር ግድ አሉት፤ እንግዳውም እንጀራውን ባርኮና ቆርሶ ሰጣቸው፤ ዓይናቸውም ተከፈተ። መጻተኞች የነበርን እኛም በደሙ የእግዚአብሔር ቤተ ሰዎች ሆነናል። በጸጋ ወደ ቤት የገባ ሰው ደጁን በወንድሙ ላይ እንዴት ይዘጋል?

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፤ በመንገድ ያሉትን ሁሉ ጠብቅ፤ ከቤታቸው የተፈናቀሉትን አሳርፍ። ደጃችንን ከፍርሃት፣ አንደበታችንን ከክፉ ወሬ አንጻ። በእንግዳነት ስንሄድ ሰላምህን እንድንሸከም፣ እንግዳም ሲመጣብን አንተን እንደምንቀበል አድርገን እንድንቀበለው እርዳን። አሜን።