ስለ መጻተኛና ስለ ቤት ኪራይ

መጻተኛ በብዛት ወደ አንድ ከተማ ሲገባ የቤት ኪራይ ይወደዳል፤ ይህንንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በዚያ ከተማ የኖረው ድኻ ተከራይ ነው። ወሩ በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ «ቤቱን የሚሻ ሌላ ሰው አለና ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ» ይለዋል። ተከራዩም ጭማሪውን የጠየቀውን ባለቤት ትቶ፣ ምንም ባልተናገረው በመጻተኛው ላይ ይቈጣል። ይህን ቍጣ ከንቱ ነው ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሳይመረምሩ መገሠጽ የተቸገረውን ሰው ዳግመኛ መጕዳት ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የኩባ መንግሥት ማሪኤል የተባለውን ወደብ አገራቸውን ለቅቀው መሄድ ለሚፈልጉ ሰዎች ከፈተ። እስከ ጥቅምት ወር ድረስ 125,000 ያህል ሰዎች በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ወደ አሜሪካ ገቡ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በማያሚ ከተማ ቀሩ። አንዳንዶቹ በኳስ ሜዳና በድንኳን ሰነበቱ፤ ብዙዎቹን ግን ቀድመው ከኩባ የመጡ ዘመዶቻቸው ተቀበሏቸው። አልበርት ሳይዝ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህን ጊዜ መርምሮ በ2003 ባወጣው ጽሑፍ፣ መጻተኞቹ የከተማይቱን ተከራይ ሕዝብ በ9 ከመቶ እንዳበዙት፣ ከ1979 እስከ 1981 ባለውም ጊዜ የማያሚ ኪራይ ከሚመሳሰሏት ከተሞች ይልቅ ከ8 እስከ 11 ከመቶ አብልጦ እንደ ጨመረ አሳይቷል። በ1983 እንኳ ልዩነቱ ገና 7 ከመቶ ነበር። እንግዲህ ተከራዩ የሚያሰማው እሮሮ ከሐሰት የተነሣ አይደለም።

ነገር ግን ከቍጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጭማሪው በማን ላይ እንደ ወደቀ ነው። ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው የኪራይ ቤቶች አልተነኩም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የስፓኝ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚኖሩባቸው ቤቶች ግን ከሌሎቹ ድኾች ቤት እንኳ ይልቅ በ8 ከመቶ አብልጠው ተወደዱ። በሩን የከፈተው፣ ፍራሹን ያካፈለው፣ ኪራዩም የተጨመረበት አንድ ወገን ነው ማለት ነው። በተዋበ ሠፈር የሚኖረው ሰው ስለ እንግዳ ተቀባይነት ያማረ ንግግር ቢያደርግ፣ ለንግግሩ አንዲት ሳንቲም አላወጣም።

ይኸው ሊቅ በ2007 ባወጣው ሌላ ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሞች ከሕዝቡ 1 ከመቶ የሚያህል መጻተኛ በገባ ጊዜ ኪራይም የቤት ዋጋም 1 ከመቶ ያህል ከፍ እንደሚል ገልጿል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ የማይለወጥ ሕግ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። ፊሊፓ ሳ የተባለች ሊቅ እንግሊዝንና ዌልስን መርምራ በ2015 ባሳተመችው ጽሑፍ ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ በዚያ ይህንኑ የሚያህል መጻተኛ በገባበት ስፍራ የቤት ዋጋ በ1.7 ከመቶ ያህል ቀነሰ። ምክንያቱም ገንዘብ ያላቸው ነባር ነዋሪዎች ሠፈሩን እየለቀቁ ስለ ሄዱ ነው። ስለዚህ ዋጋን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የመጻተኛው መምጣት ብቻ አይደለም፤ ነባሩ ሰው የሚያደርገውም ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ስመ ጥር የሆነ የቅኔ መምህር በተቀመጠበት ደብር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ የመጣው ተማሪ ብዙ ነበር፤ ሁሉም መጻተኛ ነው። ነገር ግን በእርሱ መምጣት ከቤቱ የወጣ የአገር ሰው አልነበረም፤ ተማሪው እንጨት ቈርጦ፣ ሣር አጭዶ ጎጆውን በገዛ እጁ ይቀልስ ነበርና። (በቍራሽ ልመናስ የአገሩን ሰው አላስቸገርንም አልልም፤ ውሾቹም ምስክር ናቸው።) በከተማ ግን መሬቱ በካርታ ተከፍሏል፤ የሚሠራ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሲሚንቶና ብረት ይገዛል። ሰው በአንድ ወር ይመጣል፤ ቤት ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ይሠራል። ኪራይን የሚያስወድደው በዚህ መካከል ያለው ጥበት ነው። ከመጻተኞቹም መካከል ግንበኛና አናጢ ብዙ ነውና፣ መሬቱና ፈቃዱ ቢገኝ ጥበቱን ከሚያሰፉት ሰዎች ወገን በሆኑ ነበር።

አሁን በኦሪት ሕግ ስለ ቃርሚያ የታዘዘውን እናስብ። ባለ እርሻው አዝመራውን ሲሰበስብ ዳር ዳሩን አጥርቶ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዛላ እንዳይለቅም ታዝዟል፤ ይህም ለድኻና ለመጻተኛ የተተወ ነው። ድኻውና መጻተኛው በአንድነት ተጠሩ እንጂ፣ ድኻው ከድርሻው ቀንሶ ለመጻተኛው እንዲሰጥ በዚህ ሕግ አልታዘዘም። የእንግዳው ወጪ የተጣለው እርሻ ባለው ሰው ላይ ነው። ሞዓባዊት ሩት ወደ ቦዔዝ እርሻ በመጣች ጊዜ የቃረመችው ከቦዔዝ አዝመራ ነው፤ ከሌሎቹ ቃራሚዎች ዕቅፍ አይደለም። በዛሬው ከተማ ይህ ሥርዐት ተገልብጧል። መጻተኛው ሲመጣ የባለ ቤቱ ጎተራ ይሞላል፤ የነባሩ ቃራሚ ዕቅፍ ይጎድላል፤ ከዚያም ሁለቱ ቃራሚዎች ይጣላሉ።

የመሸበት መንገደኛ ደጅ በመታ ጊዜ አባቶቻችን «ቤት የእግዚአብሔር ነው» እያሉ ያስገቡት ነበር። ይህ ቃል እጅግ መልካም ነው፤ ሆኖም ለአንድ ሌሊት የተነገረ ነው፤ ወጪውንም የቻለው ራሱ ተናጋሪው ነበር። በግእዝ እንግዳም ነጋዴም የሚወጡት ነገደ ከሚለው አንድ ግሥ ነው፤ በከተማ ኪራይ ደግሞ እንግዳ መቀበልና ንግድ እንዲሁ ተቀላቅለዋልና መለየት ያስፈልጋል።

ባለ ቤቱ «ዋጋውን ያወጣው ገበያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። የቆርቆሮውና የግብሩ ዋጋ የጨመረበት ሰው ኪራይ ቢጨምር አይነቀፍም፤ በአንዲት ክፍል ኪራይ የምትተዳደር ባልቴትም አለች። ነገር ግን ባላደሰው ቤት የሌላው ሰው መሰደድ ያመጣለትን ትርፍ የሚቀበል፣ ትርፉ ከማን ኪስ እንደ ወጣ ሊጠይቅ ይገባዋል። ዐሥር መጻተኞች በአንድ ክፍል አጭቆ በነፍስ ወከፍ የሚያስከፍል፣ ለዚህም ሲል የኖረውን ተከራይ የሚያስወጣ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቀን ይበድላል። እነርሱ እርስ በርሳቸው ሲጠላሉ እርሱ ከጠቡ ውጭ ሆኖ ይቀመጣል።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከገጠር የሚመጣውን ወገን፣ ከጎረቤት አገር የተሰደደውንም ትቀበላለች፤ ልጆቻችንም በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ራሳቸው መጻተኛ ተከራዮች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቍጥር 1320፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ባለ ሥልጣኑ ከሚያስታውቀው ልክ እንዳያልፍ ደንግጓል። ይህ የኖረውን ተከራይ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሕጉ በራሱ አንድ ጎጆ እንኳ አይጨምርምና፣ ነገ የሚመጣው ሰው የሚያድርበትን መሥራት ሌላ ድካም ይጠይቃል።

በዚህ ነገር ከባለ ቤቶች ወገን እኛም አለንበት፤ የሚከራይ ቤት ያላቸው አድባራት ጥቂቶች አይደሉምና። የሰበካ ጉባኤው ኪራይ ሊወስን በሚቀመጥበት ቀን የጎረቤቱ ሕንፃ ስንት እንደሚያስከፍል ወዲያው ይነገረዋል። ከዚያው ጋር የተከራዮቹ ዝርዝር ይነበብ፤ ማን ስንት ዓመት እንደ ተቀመጠ፣ ማን ከየት እንደ መጣ፣ በአንዱ ክፍል ስንት ነፍስ እንደሚያድር ይሰማ፤ ቍጥሩም ከዚያ በኋላ ይጻፍ።