ኬላው የቆመው ለማን ነው?

«ነጋዴ ዕቃውን በፈለገው ዋጋ የመሸጥ መብት አለው ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙም ሳላመነታ «አለው» እላለሁ። ዋጋው ካልጣመኝ ከጎረቤቱ እገዛለሁ፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ጥያቄው የሚከብደው ጎረቤት የሌለ ጊዜ ነው። በተለይ ደግሞ ጎረቤቱ የጠፋው በአጋጣሚ ሳይሆን ሻጩ ራሱ አስቀድሞ መንገዱን አጥሮት እንደሆነስ? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ዘይት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሲሚንቶ ስናወራ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ከጥፍር ብዙም ስለማይተልቅ ዕቃ ነው፤ ስለ ጌም መጫወቻ ሜሞሪ ካርድ።

«ደሞ የልጆች መጫወቻ!» የምትሉ አትጠፉም። ግድ የለም፣ ታገሡኝ። ትልቁ ነገር በትንሹ ላይ አጥርቶ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ከሥሩ እንጀምር። ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ ሲያቀርብ ጨዋታው የሚመጣው በሲዲ ነበር። በዚያ ሲዲ ላይ ደግሞ መልሶ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ልጁ የደረሰበትን ደረጃ የሚያስቀምጥበት፣ ለብቻው የሚሸጥ ካርድ አስፈለገ። ካርዱ የሚይዘው 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 ሲመጣ 8 ሜጋባይት ሆነ። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያደገ ሰው ይህን ካርድ አይረሳውም፤ ለሳምንታት የተለፋበት የእግር ኳስ ቡድን ካርዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ካርዱ ፕላስቲክ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን የልጁ ድካም ነው።

ያኔ ኩባንያውን «ለምን የራስህን ካርድ ሠራህ?» ብሎ መውቀስ አይቻልም። ዓለም የተስማማበት ርካሽ የጋራ ካርድ ገና አልነበረማ! ሳንዲስክ፣ ቶሺባና ዛሬ ፓናሶኒክ የምንለው ኩባንያ ኤስዲ ካርድን ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ፋብሪካ ያንኑ ካርድ በያንኑ ቅርጽ መሥራት ጀመረ። ብዙ ሻጭ ባለበት እንደሚሆነው ሁሉ መጠኑ እያደገ፣ ዋጋው እየወረደ ሄደ። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው 3ዲኤስ የተባለው የእጅ መጫወቻ የሚቀበለው ይህንኑ ተራ ኤስዲ ካርድ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሶኒ ፕሌይስቴሽን ቪታን ይዞ መጣ። ቪታ ሌላ ካርድ አይቀበልም። ለእሱ ብቻ የተሠራ፣ በሌላ ዕቃ ላይ የማይሰካ የራሱ ካርድ ነበረው። መጫወቻው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 250 ዶላር ገደማ ነበር። 32 ጊጋባይት የሚይዘው ካርድስ? 100 ዶላር። በዚያው ሰሞን ያንኑ ያህል የሚይዝ ተራ ኤስዲ ካርድ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኝ ነበር። የመጀመሪያው ቪታ ደግሞ ለተጠቃሚው የሚሆን የውስጥ ማከማቻ የለውም፤ አንዳንዱ ጨዋታ ያለ ካርዱ ጭራሽ አይሠራም። ካርዱ ከሌለ መጫወቻው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ልብ በሉ፣ የዋጋው ልዩነት የመጣው ቪታ ውስጥ ያለው ካርድ መረጃን የተሻለ አድርጎ ስለሚይዝ አይደለም። ከበሩ ጥበት ነው። የጌም ኩባንያዎች ዋናውን ዕቃ በትንሽ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ሸጠው ትርፉን ከጨዋታውና ከመለዋወጫው መልቀማቸው የታወቀ ነው። የማስገቢያውን ቅርጽ የወሰነ ሰው ኬላ ተከለ ማለት ነው። ኬላ የተከለ ደግሞ መቅረጡ አይቀርም፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።

እዚህ ላይ ለሻጩ የሚቆም ሰው ሁለት መከራከሪያ ያነሳል። ሁለቱም ዝም ብለው የሚጣሉ አይደሉም።

የመጀመሪያው «ማንም አላስገደደህም፣ ወደህ ገዛህ» የሚለው ነው። እውነት ነው። ግን የወደድኩት ምኑን ነው? አባት ለልጁ ሲገዛ የሚያየው በሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። የካርዱ ዋጋ የሚመጣው ልጁ ዕቃውን ከያዘ፣ ከወደደና ካለቀሰ በኋላ ነው። ያኔ «ተወው» ማለት 250ውን ዶላር መጣል ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሌላ መውጫ ለሌለው ሰው የቀረበ ምርጫ ምርጫ ለመባል ይከብደዋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ «በሩን ያጠበብኩት ለሌባው ብዬ ነው» የሚለው። ከቪታ በፊት የነበረው ፒኤስፒ የተሰረቀ ጨዋታ እየተጫነበት አምራቾችን አማሯል። የዚህን ክርክር ክብደት ለማወቅ ጃፓን መሄድ አያስፈልገንም። አንድ የማውቀው ሞባይል ጠጋኝ ይህን ነገር ሳነሳበት ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ቀዳዳው የሁሉም ከሆነ ዋጋውን ገበያው ይቆርጠዋል፤ የአንድ ሰው ከሆነ ባለቤቱ ይቆርጠዋል። ይሄ ምኑ ይጠየቃል?» አለኝ። እሱ ራሱ እንጀራውን የጀመረው በማይክሮ ኤስዲ ነው። «ሜሞሪህን አምጣ፣ ዘፈን ልጫንልህ» እያለ በአንዲት ኮምፒዩተር ቤተሰብ አስተዳደረ። ካርዱ የጋራ ባይሆን ኖሮ ያቺ ሥራ አትኖርም። ግን ደግሞ ሰፊ በር ለሌባም ሰፊ ነው። ዘፋኙ ዓመት የደከመበት አልበም በደቂቃ ተገልብጦ፣ ለእሱ አንድ ሳንቲም ሳይደርሰው፣ በሰው ኪስ ይገባ ነበር። ስለዚህ መቆለፍ የሚፈልገውን ሰው ሁሉ ስግብግብ ብዬ ልሰድበው አልችልም።

ነገር ግን በር መቆለፍ አንድ ነገር ነው፤ በቁልፉ ማስከፈል ሌላ ነው። ሻጩ ካርዱን በምስጢር ቆልፎ፣ ዋጋውን ግን ከተራው ካርድ አጠገብ ማድረግ ይችል ነበር። ያን ቢያደርግ ቁልፉ ለሌባው እንደተሠራ አምን ነበር። ሌባውን ለመመለስ በቆመ ኬላ ላይ ጨዋውን መቅረጥ ግን የሰውን ጥፋት ለሌላ ሰው ማስከፈል ነው። መጨረሻውም አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቪታ መቆለፊያ ተሰበረ። የሰበሩት ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ በጨዋታው ካርትሪጅ ማስገቢያ በኩል ተራ ማይክሮ ኤስዲ መሰካት ጀመሩ። ሙሉውን ዋጋ ሲከፍል የኖረው ሕጉን ያከበረው ሰው ነው።

ታዲያ ልዩ ካርድ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ለጨዋታ የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የተባለውን ፈጣን ካርድ ብቻ ነው። አሮጌው ካርድ ፍጥነቱ አይበቃም። አዲሱ ካርድ ሲወጣ ተወዶ ነበር፤ ያም ሆኖ ስምምነቱ የጋራ ስለሆነ ማንም ፋብሪካ ገብቶ ሊሠራው ይችላል። በሩ ጠቧል፣ ግን ኬላ የለበትም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ባወጣው ኤክስቦክስ ላይ የሚሰካውን የአንድ ቴራባይት ማስፋፊያ የሚሠራለት ሲጌት ብቻ ነበር፤ ዋጋው 220 ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2023 ዌስተርን ዲጂታል ሁለተኛ ሆኖ ገባ። በዚያው ዓመት የሲጌት ዋጋ ወደ 150 ዶላር ወረደ። የመጣው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው! በአንጻሩ ሶኒ፣ ያ የቪታው ሶኒ፣ ፕሌይስቴሽን 5ን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ፍጥነቱ የሚበቃ ማንኛውንም ኩባንያ የሠራውን ማከማቻ እንዲቀበል አድርጎታል። ኬላ ተፈጥሮ አይደለም። ሰው ይተክለዋል፣ ሰው ያነሳዋል።

እንግዲህ የኔ መመዘኛ ሁለት ጥያቄ ናት፤ ከካርድም አልፋ ለብዙ ነገር ትሠራለች። በሩ የጠበበው ሥራው ስለሚጠይቅ ነው ወይስ ቀራጩ ስለሚጠይቅ? ገዥውስ አጠቃላይ ወጪውን ከመግባቱ በፊት ያየው ነበር ወይ? በባትሪ መሙያ ስንት ዘመን እንደተሰቃየን ታውቃላችሁ፤ በአንድ ቤት ሦስት ስልክ፣ ሦስት ዓይነት ቻርጀር። አውሮፓውያን «ይብቃ» ብለው ሕግ አወጡና እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ማስገቢያ እንዲኖረው አስገደዱ። ስልክ አምራቾቹ አልከሰሩም፤ ዛሬም እየሸጡ ነው።

ነጋዴ ያትርፍ። ጥሩ ዕቃ ሠርቶ፣ ከጎረቤቱ በልጦ ያትርፍ። የሰውን ድካም በራሱ ሳጥን አስቀምጦ፣ ከዚያ የሳጥኑን ዋጋ የሚያስወድድ ግን እየነገደ አይደለም፤ መያዣ ይዟል።