ወርቅን በናስ ዋጋ

ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ሊገዛ የመጣ ዐዋቂ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን አይደለም። መቃኛዎቹ ያሉበትን ጫፍ ወደ ፊቱ ያስጠጋና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአንገቱ ርዝመት ቁልቁል ይመለከታል፤ ጎብጧል? ተጠማዟል? ከዚያ ወፍራሙን ክር አንገቱን በአግድም ካቋረጡት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት ከሚባሉት፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ተጭኖ ይይዝና መሀል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የቀረውን ክፍተት ያያል። ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ አንገቱ ደህና ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በስሱ ነክቶ የሚወጣውን ድምፅ፣ እዚያው ተጭኖ ከሚወጣው ጋር ያስተያያል። አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ የድምፅ ማዞሪያውን ሲያንቀሳቅስ ቢንኮሻኮሽ አይደነግጥም፤ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ፍሬቶቹ በክር ተበልተው ከጎደጎዱ ግን ግንባሩን ይቋጥራል፤ የርካሽ ጊታርን ፍሬቶች በሙሉ ማስቀየር ጊታሩ ከሚያወጣው ሊበልጥ ይችላልና። በመጨረሻም በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ፣ ጊታረኞች ትራስ ሮድ የሚሉትን፣ በመፍቻ ይሞክረዋል። የሚዞር ከሆነ የጎበጠ አንገት ይቃናል። ጥርሱ አልቆ ከሆነ የቀረው ሁሉ ቢያምርም ብዙ አይረባም።

ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ሲያበቃ ግን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱ ዕቃው ምን እንደሆነ ዐውቋል፣ ሌላው አላወቀም። ዋጋ የሚነገረውም ያን ጊዜ ነው።

ብዙ የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ከጊታር በብዙ ሺህ ዓመት ይቀድማል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ላይ ገዢው ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ፣ ዞር ካለ በኋላ በግዢው ሲኩራራ እናገኘዋለን። በርካሽ ጊታሮች ገበያ ላይ ይህ ሰው ዛሬም አለ፤ በአሜሪካ በየሰፈሩ ቤተሰቦች ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ዘርግተው በሚሸጡባቸው ቅዳሜዎች ማልዶ የሚደርሰው እርሱ ነው።

ከሚፈልጋቸው ዕቃዎች አንዱ ይህ ነው። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የፌንደርን ጊታሮች አስመስለው እየሠሩ በርካሽ በመሸጥ የአሜሪካውን ኩባንያ ክፉኛ ፈተኑት። ፌንደር መልሱን እዚያው ጃፓን ሄዶ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፉጂጄን በተባለው ፋብሪካ የራሱን ሞዴሎች በርካሽ ማሠራት ጀመረና፣ በ1965 ከገዛው የክር አምራች የወረሰውን ስኩዌር የሚለውን ስም ለጠፈባቸው። መለያ ቁጥራቸው ጄ እና ቪ በተባሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምረው የመጀመሪያዎቹ ስኩዌሮች እጅግ ተጠንቅቀው የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከአዲስ ስኩዌር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይከፍሉባቸዋል። ፊደላቱን ለማያውቅ ግን ስኩዌር ያው ስኩዌር ነው፤ የተማሪ ጊታር፣ ርካሽ።

እንግዲህ እንበል፣ አንዲት እናት ከቤት የወጣ ልጃቸውን ጊታር 80 ዶላር ብለው ግቢያቸው ውስጥ አቁመውታል። ገዢው መለያ ቁጥሩን አይቷል። 80 ዶላሩን ከፍሎ ይሂድ?

ቶማስ አኩዊናስ ይህን በ13ኛው መቶ ዘመን መልሶታል ማለት ይቻላል። ሱማ ቴዎሎጂካ በተባለው ታላቅ ሥራው፣ በሁለተኛው ክፍል፣ ጥያቄ 77 ላይ ስለ መግዛትና መሸጥ ሲጽፍ ሰዎች የሻጩን ማታለል ብቻ እንዳያስቡ ወደ ገዢውም ይዞራል። ሻጩ ሳያውቅ ወርቁን በናስ ዋጋ ቢሸጥ፣ ገዢውም ይህን እያወቀ ቢገዛ፣ ግዢው ግፍ ነው፤ ልዩነቱንም መመለስ ግዴታው ነው ይላል። የግቢው ስኩዌር ከዚህ ምሳሌ ብዙም አይርቅም።

የአሜሪካ ሕግ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1815 በኒው ኦርሊንስ ኦርጋን የተባለ ነጋዴ አሜሪካና ብሪታንያ ሰላም መፈራረማቸውን ከሕዝቡ ቀድሞ በማለዳ ሰማ። የባሕር እገዳው ሲነሣ የትምባሆ ዋጋ እንደሚንር ገብቶታል። ወሬው ሳይሰማ ከሌይድሎው ድርጅት 111 በርሜል ትምባሆ ገዛ፤ ዋጋውም ወዲያው ከ30 እስከ 50 በመቶ ዘለለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1817 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ማርሻል ገዢው ያወቀውን ለሻጩ የመንገር ግዴታ የለበትም ብሎ ወሰነ። ይህን ውሳኔ የሚጠቅሱ ብዙዎች ቀጥሎ ያለውን ይዘሉታል። ሻጩ ዋጋ የሚለውጥ ወሬ ሰምቶ እንደሆነ ኦርጋንን ጠይቆት ነበር፤ ኦርጋን ዝም አለ። በዚህ ዝምታ ውስጥ ማታለል ይኑር አይኑር እንዲመረመር ማርሻል ጉዳዩን ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው።

እዚህ ላይ የአይሁድ ሊቃውንት የሚተርኩት አለ። በኢየሩሳሌም ታልሙድ እንደተጻፈው፣ ተልባ በመሥራት ይተዳደር የነበረው መምህር ስምዖን ቤን ሸታሕ ከድካሙ እንዲያርፍ ደቀ መዛሙርቱ ከአንድ ዐረብ አህያ ገዙለት። አህያው ላይ ዕንቁ ተንጠልጥሎ አገኙ። ከእንግዲህ አትደክምም ብለው ሲያበሥሩት፣ ባለቤቱ ዐውቆ ነው የሸጠው? ሲል ጠየቀ። አለማወቁን ሲነግሩት ዕንቁውን እንዲመልሱ አዘዛቸው። ሕጉ ያስገድደው ነበር ወይ የሚለውን ሊቃውንቱ ተከራክረውበታል፤ ስምዖን ግን ሕጉ እስከምን ድረስ እንደሚፈቅድለት እየለካ አልኖረም።

ከሦስቱ የቱ ይሻላል? ኦርጋንና ሌይድሎው ሁለቱም ነጋዴዎች ነበሩ፤ የገበያ ወሬ ማነፍነፍ የሁለቱም ሥራ ነው። ንብረት በመያዣ ተቀብሎ የሚያበድር ሱቅም እንዲሁ፤ ባለሱቁ ስልኩን አውጥቶ መለያ ቁጥሩን መፈለግ አያቅተውም። ከእርሱ በርካሽ የገዛ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሊያጣ አይገባም። ግቢያቸው ውስጥ ያሉት እናት ግን ነጋዴ አይደሉም፤ ከፊታቸው ጊታር የሚያውቅ ሰው እንደቆመ ያያሉ፣ ምናልባትም ስንት ያወጣል ልጄ ብለው ይጠይቁታል። ያን ጊዜ ዝም ማለት መዋሸት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ገዢው ጊታሩን ወስዶ ፍሬቶቹን ቢያስተካክል፣ የተበላሸ ሽቦ ቢበይድ፣ ክር ቢቀይርና በእጥፍ ቢሸጠው፣ ጭማሪው የእጁ ሥራ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። በጃፓን ፋብሪካ የታተሙት ሁለት ፊደላት ግን የእርሱ ሥራ አይደሉም። እርሱ ሳይመጣም ጊታሩ ላይ ነበሩ፤ ዋጋቸውም የባለቤቷ ነው። ማወቁ ድካም እንዳለበት አይካድም፤ ለዚያ ድካሙ ከዋጋው የተወሰነ ቅናሽ ቢጠይቅ ያምርበታል። ሁሉንም መውሰድ ግን አያምርም።

አስቸጋሪው ዋጋው ራሱ የት እንዳለ ማወቁ ነው። አውግስጢኖስ የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው መጽሐፉ ነገሮች በተፈጥሮአቸው ያላቸው ደረጃና ሰው ለጥቅሙ ሲል የሚሰጣቸው ዋጋ እንደማይገጥሙ ጽፏል፤ ነፍስ ካላት አይጥ ይልቅ ነፍስ የሌለው እንጀራ ቤቱ ቢገኝለት የማይመርጥ ማን ነው ይላል። የጊታር ገበያ ይህን በየጊዜው ያሳያል። በ1970 ጊታረኛው ኤሪክ ክላፕተን ናሽቪል ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቶ ስትራቶካስተር የተባሉ ስድስት ያገለገሉ የፌንደር ጊታሮችን በርካሽ ገዛ። ሦስቱን ለወዳጆቹ ለጆርጅ ሃሪሰን፣ ለፒት ታውንሴንድና ለስቲቭ ዊንውድ ሰጠ። የቀሩትን ሦስቱን ፈታትቶ የተሻለ ክፍላቸውን መርጦ አንድ ጊታር አስገጣጠመና ብላኪ አለው። ብላኪ በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር ወጣበት። ክላፕተን ያን ሱቅ በደለ የሚል የለም። በዚያን ጊዜ አሮጌ ስትራቶካስተር ይህን ያህል የሚፈለግ አልነበረም፤ ሻጩም ገዢውም እኩል አላወቁም፣ የጨመረውም ዋጋ በክላፕተን እጅ የመጣ ነው። ከርት ኮቤን የተጫወተበት የ1969 መስታንግም በ2022 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ መስታንግ ፌንደር በ1964 ለተማሪዎች ያወጣው ሞዴል መሆኑ ለገዢው ምንም ለውጥ አላመጣም።

የመሣሪያው ስም ሲሸፈንስ? በ2010 ክላውዲያ ፍሪትስና ባልደረቦቿ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በአንድ የሆቴል ክፍል 21 የቫዮሊን ተጫዋቾችን ፈተኑ። ተጫዋቾቹ ጨለማ መነጽር አደረጉ፤ አሮጌው እንጨት በጠረኑ እንዳይታወቅ በየቫዮሊኑ አገጭ ማሳረፊያ ሥር ሽቶ ተቀባ። ከስድስቱ ቫዮሊኖች ሦስቱ አዲስ፣ ሦስቱ የስትራዲቫሪና የጓርኔሪ እጅ ሥራዎች ነበሩ። ከሁሉ ይበልጥ የተወደደው አዲስ ነበር፤ ከሁሉ ያነሰ የተወደደው ደግሞ ስትራዲቫሪ።

ለጊታርም ይህ ይሠራል። የኒው ጀርሲው ዳንኤሌክትሮ ለሲርስ መደብር የሠራቸው ሲልቨርቶን ጊታሮች ፊታቸው የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ፣ የድምፅ ማንሻቸው ሽፋን የከንፈር ቀለም ማሸጊያ ቱቦ ነበር። በ1960ዎቹ አንደኛው አምፕሊፋየሩ በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ተገጥሞ በ67.95 ዶላር ይሸጥ ነበር። ጊታረኛው ጂሚ ፔጅ ግን ዳንኤሌክትሮን ይዞ በትልቅ መድረክ ተጫውቷል። ርካሽ ጊታርን በቁሳቁሱ ክብር የሚመዝን ሰው ይህ ድምፅ ያመልጠዋል። ታሪክ ያልተለጠፈበት ጊታር በእውነት ለመመርመር የሚመች ነው፤ ለተጫዋቹ የሚቀረው አንገቱ፣ ፍሬቱና ድምፁ ብቻ ናቸውና።

ጀማሪ ግን እነዚህን መመርመር አይችልም፤ ስለዚህ ከባዱ ኃላፊነት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሻጩ ላይ ነው። አኩዊናስ ለግልጽ ጉድለት ምሳሌ ያደረገው አንድ ዓይና ፈረስን ነው፤ ገዢው ራሱ ያየዋል፣ ሻጩም ዋጋውን እስከቀነሰ ድረስ ባይናገር አልበደለም። ጉዳት የሚያመጣና የተሰወረ ጉድለት ሲሆን ግን መናገር ግዴታው ነው። ለ12 ዓመት ልጇ የመጀመሪያ ጊታር የምትገዛ እናት ዘንድ ግን ምኑ ግልጽ ነው? የጎበጠ አንገት ለእርሷ አይታይም። ልጁ ከፍሬቱ በጣም ከፍ ያለውን ክር ለመጫን ሲታገል ጣቱ ይቆስላል፤ በትክክል የተቃኘው ክር ከ12ኛው ፍሬት በላይ ሲጫወቱበት ከቅኝቱ ይወጣል። ጥፋቱ የጊታሩ መሆኑን የሚነግረው ስለሌለ እጄ ለሙዚቃ አልተፈጠረም ብሎ ይተወዋል። የፌንደር ሥራ አስኪያጅ የነበረው አንዲ ሙኒ ከጀማሪዎች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚያቆሙ ተናግሯል። ከእነዚህ ስንቶቹ በጎበጠ አንገት እንደተሸነፉ ማንም አልቆጠረም። ጉዳቱ ግን ከ80 ዶላር ይበልጣል፤ ገንዘቡን መመለስ ይቻላል፣ የጠፋውን ፍላጎት ግን አይቻልም።

ለጀማሪ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ ክሩን ቀይሮ፣ ቃኝቶ፣ ትራስ ሮዱ እንደሚዞር ገዢዋ ፊት አሳይቶ፣ የተበሉትን ፍሬቶች በጣቱ ጠቁሞ፣ ከዚያ ዋጋውን ይንገር። ለዚህ ሥራው 20 ወይም 30 ዶላር ቢጨምር በደል የለበትም፤ ለልፋቱ የሚገባው ነው።