ባዶውን የሚመላለስ ፒካፕ

ልጆቼ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት ነው። እዚያ ሥራ የጀመረ ወጣት ጥቂት ገንዘብ ሲቋጥር በቅድሚያ የሚያስበው ፒካፕ መግዛት ነው። ሐሳቡን አልነቅፍም። ጭነት አለ፤ ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉም የአቃቂ መረሬ በክረምት ዝቅ ያለች መኪና አያሳልፍም። የሚያሳስበኝ ገዢው ለደላላው የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ይላል፤ «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት» ይሉታል፤ በዚያው ይስማማል። ለሥራ መኪና የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ኩንታል ዕቃ አድርሶ ለመመለስ የስንት ብር ናፍጣ ይፈጃል?

ናፍጣ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ሁለቱን ጥያቄዎች ማምታታት ብዙ አይጎዳም ነበር። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ 28 ብር ከ94 ሳንቲም ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገባ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ 90 ብር ከ28 ሳንቲም፣ በታኅሣሥ መጨረሻ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ነዳጃችን በሙሉ በዶላር ተገዝቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሚያወጣው ዋጋ ወደ ኋላ ይመለሳል ብሎ መኪና መግዛት የዋህነት ነው። በሦስት ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ የተወደደ ነገር በግምት አይያዝም።

ደላላው የሚጠራው ቁጥር የግድ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ምንጩ ብዙ ጊዜ አምራቹ ያወጣው አኃዝ ነው። ያ አኃዝ የሚገኘው መኪናው በቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ ተደርጎ ሲለካ ነው። አይሲሲቲ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም በአውሮፓ የቤት መኪኖች ላይ እንዳሳየው፣ በተነገረውና በመንገድ ላይ በሚታየው ፍጆታ መካከል ያለው ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2001 ከመቶ 9 ያህል ነበር፤ በ2015 ከ40 በላይ ደርሷል። ያ አውሮፓ ላይ ነው። የእኛው አቃቂ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ ያለው ሞተር ይህን በከፊል ያካክሰዋል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ግን ፓምፑ ለከፍታው ካልተስተካከለ ያልተቃጠለውን ነዳጅ ጥቁር ጭስ አድርጎ ይተፋዋል፤ ያ ጭስ ገንዘብ ነው። ዳገቱም አለ። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ከአዳማ ከፍታ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፣ ርቀቱ የሚፈጀው ሳይቆጠር፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 1 ሊትር ያህል ይጨምራል። በፍጥነት መንገዱ ላይ በሰዓት በ90 ፈንታ በ120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ደግሞ የሚገፋው የንፋስ ጫና ወደ 1.8 እጥፍ ያድጋል።

ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር ራሳችሁ አውጡ። ታንኩን ሙሉና ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፤ ጥቂት ቀን ሠርታችሁ በዚያው ማደያ እንደገና ሙሉና የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በተቀዳው ሊትር አካፍሉ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ ይሁን። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል ስለሆነ የከፈላችሁት ብር ስልካችሁ ላይ ተቀምጧል፤ የጎደለው ኪሎ ሜትሩን መጻፍ ብቻ ነው። ለስሌት እንዲቀል ሊትሩን 100 ብር፣ የቀኑን ጉዞ 60 ኪሎ ሜትር እንበል። በሊትር 10 የሚሄድ መኪና በቀን 600 ብር ይፈጃል፤ 8 የሚሄደው 750። በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ በዓመት 46,800 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ጎማ በጎሚስታ በማስነፋት፣ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ በመለወጥ፣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ሞተር በማጥፋት ይመለሳል።

ትልቁ ብክነት ግን ጋራዥ ውስጥ አይገኝም፤ ያለው ባዶ የጭነት ሳጥን ላይ ነው። ፒካፕ ባዶውን ወደ 2 ቶን ይመዝናል፤ የሚጭነው 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ገደማ ነው። ጭነቱ ሲቀር ናፍጣው በጥቂቱ ይቀንሳል እንጂ በግማሽ አይወርድም፤ መኪናው በዋናነት የሚሸከመው ራሱን ነውና። ከአቃቂ ወደ መርካቶ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣው 400 ብር ነው እንበል። 10 ኩንታል ከተጫነ ለአንዱ ኩንታል 40 ብር ይደርሰዋል። ሲመለስም 10 ኩንታል ካገኘ 20 ብር ይሆናል። 3 ኩንታል ይዞ ሄዶ ባዶውን ከተመለሰ ግን ከ130 ብር ያልፋል። መኪናው ያው፣ ሞተሩ ያው፣ በሊትር የሚሄደው ያው ሆኖ ወጪው ከስድስት እጥፍ በላይ ተለያየ። ይህን ልዩነት የሚያመጣ የመኪና ዓይነት የለም። ስለዚህ ከሳምንቱ ውስጥ ሳጥናችሁ የሚሞላው ለአንድና ለሁለት ቀን ብቻ ከሆነ፣ በነዚያ ቀናት መኪና ተከራዩ፤ ለትንንሹ ዕቃ ዳማስ የምትባለው ትንሽ መኪና ትበቃለች።

«ናፍጣው ሲጨምር ደንበኛው ላይ እጨምራለሁ» የሚል አለ። ደንበኛው የሚከፍለው የሰፈሩን የጭነት ዋጋ ነው፤ የእናንተን ባዶ የመልስ ጉዞ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ጭነቱን አቀናጅቶ የሚሠራው ጎረቤታችሁ በዝቅተኛ ዋጋ ሲያደርስለት ወደዚያ ይሄዳል። የበለጠ ክብደት የምሰጠው ሌላ መከራከሪያ አለ፦ መኪና ሀብት ነው፣ ብር ሲረክስ ዋጋው ይወጣል የሚለው። እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ በኋላ እዚህ ያሉት ተወደዋል። ይሁንና ያ ትርፍ የሚገኘው በሽያጭ ቀን ነው፤ ናፍጣው የሚከፈለው ዛሬ ጠዋት ነው። በብድር ገዝቶ በየቀኑ ለነዳጅ የሚበደር ሰው ዋጋው እስኪወጣ መኪናውን ይዞ አይቆይም፤ በጭንቅ ቀን፣ በተገኘው ዋጋ ይሸጠዋል።

የኤሌክትሪክ ፒካፕ ልጠብቅ የሚልም አይሳሳትም። የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ወስኗል፤ የኛ ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ዋጋው እንደ ነዳጁ በጅቡቲ መንገድ ላይ አይወሰንም። ነገር ግን ባትሪም ጭነትና ዳገት ያደክመዋል፤ በአምራቹ የሚነገረው ርቀትም የሚለካው በቤተ ሙከራ ነው። ሻጩን የምትጠይቁት «በአንድ ቻርጅ ስንት ይሄዳል?» ብላችሁ አይሁን። 10 ኩንታል ጭኖ ከሞጆ አቃቂ ሲደርስ ባትሪው ላይ ስንት እንደሚቀር ጠይቁት፤ ካልመለሰላችሁ ጭናችሁ እንድትሞክሩት ይፍቀድላችሁ።